ክረምት ላይ ወጨጫ መውጣት፤ ከመንገዳችን በላይ ስንጥቅ አይተናል፣ ምን ትላላችሁ?

የቡራዩ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ አሸዋ ሜዳና ቡራዩ አካባቢ ያለን ልጆች ነን፣ እሁድ እሁድ ተሰብስበን ተራራ እንወጣለን። በጋውን ሙሉ መናገሻ፣ ወጨጫ፣ አንዳንዴም በእንጦጦ ጀርባ ስንሄድ ነበር። አሁን ሐምሌ ገባና ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ ጉሙም አረንጓዴውም ሚያምረው አሁን ነው እንቀጥል ይላል፣ ግማሹ ደሞ እስከ መስከረም ይቁም ይላል። የማስተባብረው እኔ ነኝና ልጆቹን በሰላም ወደየቤታቸው መመለስ የኔ ኃላፊነት ነው፣ ከኛ ጋር ገና ሃይስኩል ያልጨረሱም አሉ።

ዋናው ያስጨነቀኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ባለፈው ስንወጣ ስራ ካቆመ የድንጋይ ካባ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ረጅም ስንጥቅ አየን። እጅ ያስገባል። ቀጥ ያለ አይደለም፣ ማጭድ የመሰለ ነው፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ፣ ከስንጥቁ በታች ያለው ሳር ደሞ ከላይኛው ወደ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል። የእግር መንገዳችን በቀጥታ ከሱ ስር ነው ሚያልፈው። አንዱ ልጅ "መሬት በጋ ላይም ይሰነጠቅ የለ እንዴ፣ ያው ነው" አለና ሁሉም አለፈ። እኔን ግን ጎፋ ዞን ላይ ናዳው ያደረሰው ነገር ከአይኔ አልጠፋም።

ይሄ ስንጥቅ እውነት ያሰጋል ወይ? መንገድ ቀይረን መውጣት እንችላለን ወይስ ጭራሽ ይቅር? ሚያውቅ ሰው ካለ በደንብ ያስረዳኝ፣ ለልጆቹ ማስረዳት ስላለብኝ ነው።

መሬት አጥኚ

ወንድሜ እንኳን ጠየቅክ። የተማርኩትም የምሰራውም በዚሁ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ጓደኛህ ያለው የበጋ ስንጥቅ እውነት አለ፣ ግን እሱ ሌላ ነው። መረሬ አፈር፣ አቃቂ ሰንዳፋ በኩል ያለው ጥቁሩ ማለቴ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ስለዚ በጋ ላይ ሜዳው ሁሉ እንደ መረብ ይሰነጣጠቃል። እሱ ስንጥቅ አቅጣጫ የለውም፣ ሁለቱም ጎኑ እኩል ከፍታ ላይ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ደሞ ይዘጋል። አንተ ያየኸው ተቃራኒው ነው፦ ቁልቁለት ላይ ነው፣ ዝናብ እየዘነበ ነው የከፈተው፣ ግማሽ ክብ ነው፣ የታችኛው ጎን ወርዷል። ይሄ ማለት ያ ሁሉ አፈር ከተራራው ተላቆ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ አንተ ያየኸው የላይኛውን ጠርዙን ነው። ዛሬ ይወርዳል ወይ ከወር በኋላ ነው ወይ ሳይወርድ ይቆያል ብሎ በፎቶ ሚነግርህ ሰው የለም፣ ከስሩ ግን ማንም ማለፍ የለበትም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ለምን ክረምት ላይ እንደሚብስ ለልጆቹ እንዲህ ብለህ አስረዳቸው። ቁልቁለት ላይ ያለ አፈር ባለበት ሚቆየው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጫጭነው ስለሚያያዙ ነው፣ ስር ያለው ዛፍም ያግዛል። ዝናብ ሲገባ ሁለት ነገር ባንዴ ይሆናል። አፈሩ ይከብዳል፣ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ብቻውን አንድ ቶን ነው። በዛ ላይ በቅንጣቶቹ መሃል የገባው ውሃ ግፊት ይፈጥርና ያላቅቃቸዋል፣ በተለይ ከስር ውሃ ማያሳልፍ ድንጋይ ወይ ሸክላ አፈር ካለ ውሃው እዛ ላይ ይጠራቀምና የላይኛው በሱ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚ ወሳኙ የዛን ቀን ዝናብ ብቻ አይደለም፣ የሳምንታቱ ጥርቅም ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቻል አድርጎት የነበረ ቁልቁለት ነሐሴ ላይ በትንሽ ዝናብ ሊወርድ ይችላል፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቶም ይወርዳል። ሰው ሚዘናጋው እዚህ ጋ ነው፣ "ዛሬ እኮ አልዘነበም" ብሎ።

ካባው ደሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ድንጋይ ሲወጣ የቁልቁለቱ ግርጌ ተቆርጧል፣ ላይኛውን ደግፎ የያዘው እግሩ ነበር። መንገድ ተቆርጦ ሲወጣም ያው ነው፣ የአባይ በረሃ መንገድ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ስንት ጊዜ ተጠግኖ አስፋልቱ ሚታጠፈው ሚሰምጠው ተራራው ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ነው፣ ጃፓኖች ድረስ መጥተው አጥንተውታል። ዝናብ እንኳ ባይኖር ያለልክ ገደላማ የሆነ ክምር ይወርዳል፣ የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲናድ ክረምቱ ገና አልገባም ነበር፣ ከመቶ ሰው በላይ ነው የሞተው።

ዳገት ወዳድ

እኔ በበኩሌ ትንሽ የተጋነነ መሰለኝ። ወጨጫ ላይ ገበሬው ክረምት ከበጋ ከብት ይዞ ይወጣል፣ እንጦጦ ላይ እናቶች በዛ ዝናብ ቅጠል ተሸክመው ይወርዳሉ፣ ሱባ ጫካ ክረምት ላይ ሰው ይሄዳል። እኛም ብዙ ክረምት ወጥተናል። ስንጥቁን ዞሮ ማለፍ ነዋ፣ ሁሉንም ነገር ከፈራን ቤት መቀመጥ ነው። ደሞ እዚህ አገር እንደ ፈረንጅ አገር የበረዶ ናዳ የለም።

ሰላም ከኢንስብሩክ

እኔ ኦስትሪያ ተራሮቹ መሃል ነው ምኖረው፣ ያደግኩት ግን ጉለሌ ነው፣ እንጦጦን በልጅነቴ በእግሬ ነው ማውቀው። ዳገት ወዳድ ያልከው ልክ ነው፣ ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ሆኖም ላዩ ላይ ሚጥለው በረዶ ቶሎ ይቀልጣል፣ እዚህ ያለው አይነት ናዳ እኛ ጋ አይፈጠርም። ግን እዚህ ሰዎች ከዛ ናዳ የተማሩት ነገር ለእናንተም ይሆናል ብዬ ነው ምጽፈው።

እዚህ በበረዶው ወቅት የናዳ ትንበያ በየቀኑ ይወጣል፣ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። ብዙ ሰው ሚሞተው 5 ላይ ይመስላል አይደል? አይደለም፣ 3 ላይ ነው። 5 ሲሆን ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል። 3 ላይ ግን አየሩ ያምራል፣ ትናንት የሄዱ ሰዎች ፎቶ ለጥፈዋል፣ ምንም አልሆኑም፣ ስለዚ ሌላውም ይወጣል። "ብዙ ጊዜ ወጥተን ምንም አልሆንንም" ሚለውን አስተማሪዎቹ አጥብቀው ነው ሚቃወሙት፣ ምክንያቱም ቁልቁለቱ ትናንት ስላልወረደ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም፣ ለመውረድ አንድ ቀን ቀርቶት ሊሆን ይችላል። ገበሬውም ቢሆን ተራራውን በየቀኑ ያየዋል፣ ምን እንደተቀየረ ያውቃል፣ በሳምንት አንዴ ሚመጣ ሰው እንደሱ አያውቅም።

ሌላው፣ የበረዶ ናዳ ባብዛኛው ሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው፣ ስለዚ እዚህ ሁሉም ስልኩ ላይ ዲግሪ መለኪያ አለው። ናዳ ከበላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ናዳውን ያስነሱት ራሳቸው ወይ አብሯቸው ያለ ሰው ነው። አጠያያቂ ቦታ ካለ አንድ በአንድ ነው ሚሻገሩት፣ ሌላው ከአደጋው መስመር ውጪ ቆሞ ያያል፣ ተያይዘው እየተጫወቱ አያልፉም። ሁሉም ሲግናል ሚሰጥ መሳሪያ፣ አካፋና ረጅም መፈለጊያ ዘንግ ይይዛል፣ ምክንያቱም በረዶ ውስጥ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ከወጣ ብዙ ተስፋ አለው፣ ከዛ በኋላ ተስፋው ቶሎ ነው ሚቀንሰው። ጭቃ ግን ያን ያህል ጊዜም አይሰጥም፣ ይከብዳል፣ አየር አያስገባም። እናንተ ጋ ደሞ ያ ሁሉ መሳሪያ የለም። ያላችሁ ብቸኛ መከላከያ እዛ ቦታ ላይ አለመገኘት ነው።

አንድ ልማድ ግን ገንዘብ ሳታወጡ ዛሬውኑ መውሰድ ትችላላችሁ፦ ከግሩፑ አንድ ሰው፣ ትንሿም ልጅ ብትሆን፣ "ደስ አላለኝም እንመለስ" ካለ ይመለሳል፣ ማንም አይከራከርም ማንም አያሾፍም። ይሄን ታች ሆናችሁ ሳትወጡ ነው መስማማት ያለባችሁ፣ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ አፍ ይያዛል።

የቡራዩ ልጅ

እጅግ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። መጨረሻ ላይ ያልሽው ነገር ልቤን ነካው እህቴ፣ ባለፈው አንዷ ልጅ ስንጥቁን ስታይ ፊቷ ተቀይሮ ነበር ግን ምንም አላለችም።

ስንጥቁ ስር እንደማናልፍ ቆርጫለሁ። ግን በሌላ መንገድ መውጣት ከፈለግን ምን እያየን እንሂድ? በምን ሰዓት? ወንዝስ?

የየካ ጋይድ

እኔ ሰው ይዤ በየካ፣ በእንጦጦና በመናገሻ በኩል ስለምወጣ ክረምት ላይ ማደርገውን ልንገርህ።

ሰዓት ከሁሉም ይበልጣል። በኛ ክረምት ዝናቡ ባብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነው ሚወርደው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት፣ 6 ሰዓት ሲሆን ደሞ ወደ ታች ወርዶ መንደር መድረስ። ጫፍ ሳትደርሱ 5 ሰዓት ከሆነ እዛው ዙሩ፣ ጫፉ የትም አይሄድም። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ያደረ ከሆነ ጠዋት ሰማዩ ቢጠራም አልወጣም፣ ከላይ መሬት አጥኚ በተናገረው ምክንያት። የሚቲዎሮሎጂ ትንበያም ከዋዜማው እይ፣ ለተራራው በተለይ ባይሆንም ከባድ ዝናብ ካለ ይናገራሉ።

መንገድ ስትመርጥ ተረተር ተረተሩን ያዝ። ፈፋ ውስጥ አትግባ፣ ለመውጣት ቢቀልም። ከላይ ሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ውሃም ጭቃም ድንጋይም፣ በፈፋ ነው ሚወርደው። የፈፋው አፍ ላይ ትኩስ ድንጋይና ግንድ ተከምሮ ካየህ በቅርቡ ወርዷል ማለት ነው፣ እዛ ቁጭ ብላችሁ ቆሏችሁን አትብሉ፣ ሜዳ ስለሆነ ሰው ሁሌ ሚያርፈው እዛ ነው።

ስትሄድ አይንህ ዛፉ ላይ ይሁን። አንድ ባህር ዛፍ ቢጋደል ነፋስ ነው፣ ግን ባንድ ቦታ ያሉ ብዙ ዛፎች ወደ ተለያየ አቅጣጫ ተጋድመው ካየህ ስራቸው ያለው መሬት ነው የተነቃነቀው። አጥር ተጣሞ፣ በፊት ቀጥ ያለ የነበረ የእግር መንገድ መሃል ላይ ዝቅ ብሎ፣ ደረቅ የነበረ ቦታ ላይ ምንጭ ፈልቆ፣ ወይ ጥርት ያለ ሲወርድ የነበረ ምንጭ ድንገት ደፍርሶ ካየህ ተመለስ።

ወንዝ ጋ ደሞ ልጆቹን አጥብቀህ ንገራቸው። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይ ተራራው ጋ ዶፍ ሊወርድ ይችላል፣ ደራሽ ሚባለው እሱ ነው፣ ቀበናም ግንፍሌም ስንት ሰው ወስደዋል። ጉልበት ሚደርስ ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ ድፍርስ ከሆነ ደሞ ስሩ አይታይም። ስትሄዱ በቀላሉ የተሻገራችሁት ስትመለሱ ሞልቶ ከጠበቃችሁ አትሻገሩ፣ ውጡና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጠብቁ፣ ዝናቡ ካባራ ትንንሾቹ ወንዞች ባብዛኛው በጥቂት ሰዓት ይጎድላሉ። እና ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ዝናብ እየዘነበ ወንዙ ድንገት ከጎደለ ደስ እንዳይላችሁ፣ ላይ የሆነ ናዳ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፣ ሲፈነዳ ባንዴ ነው ሚመጣው። ያኔ ወዲያው ከወንዙ ራቁ፣ ወደ ከፍታ።

ብርዱም ቀላል አይደለም፣ ወጨጫ ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፣ ጥጥ ቲሸርት ለብሶ የበሰበሰ ልጅ ነፋስ ላይ ከቆመ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ምላሱ ሲተሳሰር አደጋ ነው። ፌስታል ውስጥ የታሰረ ደረቅ ሹራብ ሁሉም ይያዝ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከጫፉ ውረዱ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ስር አትጠለሉ።

ዳገት ወዳድ

እሺ ተቀብያለሁ፣ የዛፉንና ወንዙ ሲጎድል ያልከውን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ፣ እንበልና እየሄድን እያለ ከላይ ድምፅ ሰማን ወይ ሲወርድ አየን፣ ወዴት ነው ሚሮጠው?

መሬት አጥኚ

ወደ ጎን። ሰው ሲደነግጥ ቁልቁል ይሮጣል፣ ቁልቁል ግን እሱም ነው ሚመጣው፣ ይቀድምሃል። ሚወርድበትን መስመር በጎን አቋርጠህ ወደ ቅርቡ ተረተር ውጣ። ቦርሳህን ጣለው። ማምለጫ ካጣህ ጠንካራ ድንጋይ ጀርባ ተጠቅልለህ ጭንቅላትህን በሁለት እጅህ ሸፍን።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ ምፈልገውን ልናገር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ቀንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ መጀመሪያ የወረደው ናዳ ቤቶች ቀበረ። ጎረቤቱ ሁሉ አካፋ ይዞ፣ በእጁም ሚቆፍር፣ ሊያወጣቸው ተሯሯጠ። እነሱ እዛው እየቆፈሩ እያለ ሁለተኛው መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው፣ ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡት ናቸው፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እኛ ሰው ሲቀበር ቆሞ ማየት አናውቅም፣ ያሳደጉን እንደዛ አይደለም። ግን አንድ ናዳ ሲወርድ ከኋላው ገደል የሆነ ግድግዳ ትቶ ነው ሚሄደው፣ ደጋፊ የሌለው፣ ውሃ የጠገበ፣ እሱ ነው ሚከተለው።

ስለዚ ግሩፓችሁ ውስጥ አሁኑኑ ተስማሙ። አንድ ነገር ከወረደ ሁሉም መጀመሪያ ከመስመሩ ወጥቶ ይቆጠራል። ሁለት ሰው ሙሉ ስራቸው የላይኛውን ግድግዳ ማየት ነው፣ ጠጠር መንጠባጠብ ወይ አዲስ ስንጥቅ ካዩ ፊሽካ ይነፋሉ፣ ፊሽካ ሲሰሙ ሁሉም ያለ ጥያቄ ይወጣል። ከዛ በኋላ ነው፣ ጥቂት ሰው ብቻ፣ ከጎን በኩል ሚገባው፣ ማውጫ መንገዱን አይቶ። አንዱ ደሞ ወዲያው ይደውል፣ አዲስ አበባ ውስጥ እሳትና አደጋ 939፣ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ፈፋ ውስጥ ኔትወርክ አይኖርም፣ ስለዚ ኔትወርክ ያለበትን የመጨረሻ ቦታ ስትወጡ ልብ በሉ።

የቡራዩ ልጅ

ሁሉንም አንብቤ ለግሩፑ ላኩት። ወስነናል፣ ነሐሴ እስኪያልቅ ወደ ላይኛው ወጨጫ አንወጣም፣ ጠዋት ጠዋት በመናገሻ በኩል ዝቅ ባለው ደልደል ያለ መንገድ ብቻ እንሄዳለን፣ እሱም ሌሊት ካልዘነበ። ፊሽካም እንገዛለን።

አንድ ነገር ግን ቀረ፣ ከካባው በታች ቤቶች አሉ ብዬ መጀመሪያ ላይ አልጻፍኩም። አንዷ እናት ከልጆቿ ጋር ግርጌው ላይ ነው ምትኖረው፣ የቤቱ የኋላ ግድግዳ ከተቆረጠው አፈር ጋር ተጠግቷል። እኛ መንገድ ቀየርን፣ እሷስ?

መሬት አጥኚ

ይሄ ከሃይኪንጉ ይቀድማል ወንድሜ፣ ነገ ሂድ።

ብቻህን ሳይሆን በአካባቢው ሚከበር አንድ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፣ ወጣት ብቻውን መጥቶ ቤትሽን ልቀቂ ቢላት አትሰማህም፣ ልክም ናት። የስንጥቁን ፎቶ አሳዩዋት፣ እጅ ወይ እንጨት አጠገቡ አድርጋችሁ ያነሳችሁትን፣ ስፋቱ እንዲታይ። ያንኑ ፎቶ ከነቦታው በጽሁፍ አድርጋችሁ ለቀበሌው አስገቡ፣ በቃል ብቻ አትተዉት፣ የተቀበለበትን ፊርማ ያዙ። ካባው ባለቤት ካለው እሱም ይጠራ።

እስከዛ ድረስ ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። ዝናብ ባልዘነበበት ጠዋት፣ ከጎን በኩል ብቻ ደርሳችሁ፣ አንድ ችካል ከስንጥቁ በላይ አንድ ከበታቹ ትተክሉና በመሃላቸው ያለውን በሜትር ለክታችሁ ቀኑን ትጽፋላችሁ። ጫፉ ጋ አድርጉት፣ መሃሉ ላይ አትቁሙ። በየጥቂት ቀኑ ስትለኩት ከጨመረ እየሄደ ነው። በየጊዜው ሚጨምረው እየበዛ ከመጣ ደሞ ቀጠሮ ሚያስይዝ ጉዳይ አይደለም፣ የዛኑ ቀን ይውጡ። የታችኛውን ችካል ለመትከል መሬቱ ላይ መውጣት ሚያስፈራ ከሆነ ግን ተዉት፣ ሩቅ ሆኖ ከአንድ ቦታ በየቀኑ ፎቶ ማንሳትም ይበቃል። ከላይ ሚመጣው የዝናብ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ እንዳይገባ ከሱ ርቆ በጎን ሚወስድ ቦይ መቆፈርም ይረዳል፣ እሱን ግን ደረቅ ቀን ላይ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ።

እናትየዋን ደሞ ዛሬ ማታ ጀምሮ ከኋላው ግድግዳ አጠገብ ባለው ክፍል ማንም እንዳይተኛ በልልኝ፣ አልጋው ወደ በሩ በኩል ይምጣ። በርና መስኮት ድንገት መግጠም እምቢ ካለ፣ ግድግዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ ከወጣ፣ ወይ ከኋላ ውሃ መስረግ ከጀመረ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመድ ትሂድ፣ ሌሊትም ቢሆን። ዝናቡ ሲጠና ሚያሳድራት ጎረቤት ካሁኑ ፈልጉላት፣ ሲመሽ በር ማንኳኳት ስለሚከብዳት አስቀድማችሁ እናንተ ጠይቁላት።

የየካ ጋይድ

እኔ ቅዳሜ በዛ በኩል ነኝ። ሜትርና ችካል ይዤ እመጣለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የት እንደምንገናኝ።